ያላለቀው መጽሐፍና ያልሰመረው ትዳር፦ ያላቻ ጋብቻ በጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች» ውስጥ

መግቢያ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ልቦለድ ውስጥ ደስታ የራቀው ትዳር ደጋግሞ የሚነሣ ርእሰ ጉዳይ ነው። በ1857 በመጽሐፍ መልክ የወጣው የጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» እና ከ1875 ጀምሮ በተከታታይ የታተመው የሌቭ ቶልስቶይ «አና ካሬኒና» በብዙ አንባቢያን ዘንድ የዚህ ጭብጥ ዋና ማሳያዎች ናቸው። በሁለቱም ሥራዎች የትዳሩ ባዶነት ሚስትን ወደ ሌላ ወንድ ይመራታል፤ ታሪኩም በሞቷ ይደመደማል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የጆርጅ ኤልየት «ሚድልማርች» ከእነዚህ የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው። በዚህ ልቦለድ ውስጥ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዶሮቲያ ብሩክ የትዳር ቃሏን አታፈርስም፤ ባሏ ኤድዋርድ ካሶቦንም አይደበድባትም፣ አያታልላትም፣ ገንዘቧንም አያባክንም። ሁለቱም እንደ ዘመኑ መለኪያ ጨዋዎች ናቸው፤ ሁለቱም በፈቃዳቸው ተጋብተዋል። ይሁን እንጂ ትዳራቸው ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንሥቶ የሁለት ብቸኞች ቤት ይሆናል። እንግዲህ በዳይ የሌለበት ይህ በደል ከየት መጣ?

የተለመደው መልስ የዕድሜ ልዩነት ነው። ዶሮቲያ ገና 20 ዓመት ያልሞላት ወጣት ስትሆን ካሶቦን ከ45 ዓመት በላይ የሆነው ቄስና ምሁር ነው። በልቦለዱ ውስጥ ያሉ ጎረቤቶችም ነገሩን በዚሁ መንገድ ይረዱታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ከዚህ ይለያል። በ«ሚድልማርች» ውስጥ ጋብቻን ያላቻ የሚያደርገው በመጀመሪያ ደረጃ የዕድሜ፣ የሀብት ወይም የጠባይ አለመመጣጠን ሳይሆን፣ ተጋቢዎቹ አንዱ ስለ ሌላው የጠየቁት ጥያቄ ስሕተት መሆኑ ነው። ደራሲዋ ይህንኑ ስሕተት በምርምር ሥራ ውስጥም ታሳየናለች፤ ያልተሳካው ትዳርና ያልተሳካው ጥናት ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ የልቦለዱን አጻጻፍ፣ ቀጥሎ የዶሮቲያንና የካሶቦንን ትዳር፣ ከዚያም የሐኪሙን የሊድጌትን ትዳር በንጽጽር እንመለከታለን።

1. የልቦለዱ አጻጻፍና መቼት

ጆርጅ ኤልየት የሜሪ አን ኢቫንስ (1819–1880) የብዕር ስም ነው። ወደ ልቦለድ ከመግባቷ በፊት ተርጓሚና የመጽሔት አዘጋጅ ነበረች። የዳቪድ ፍሪድሪሽ ስትራውስን የኢየሱስ ሕይወት ሂሳዊ ጥናት ከጀርመንኛ ተርጉማ በ1846 አሳትማለች፤ በ1854 ደግሞ የሉድቪግ ፎየርባኽን የክርስትና ምንነት የሚመረምር ሥራ ተርጉማለች። ይህ የሕይወት ታሪክ ጌጥ ብቻ አይደለም። የአፈ ታሪክንና የሃይማኖት ትውፊትን ምንጭ በሚመለከት የጀርመን ሊቃውንት የደረሱበትን ደረጃ እርሷ በቅርብ ታውቀው ነበር። የካሶቦን ጥናት የሚወድቀው በዚሁ ዕውቀት እጦት በመሆኑ፣ ደራሲዋ የምትጽፈው ከውስጥ ስለምታውቀው ጉዳይ ነው።

በትዳር ጉዳይም የነበራት ተሞክሮ ከተለመደው የራቀ ነበር። ከ1854 ጀምሮ ከጸሐፊው ጆርጅ ሄንሪ ሉዊስ ጋር እስከ ሞቱ ድረስ፣ ማለትም እስከ 1878፣ እንደ ባልና ሚስት ኖራለች። ሉዊስ ግን ተለያይቶ ከሚኖራት ሕጋዊ ሚስቱ ጋር መፋታት አልቻለም ነበር። ስለዚህ ስለ ጋብቻ የጻፈችው ሴት ሕጋዊ ጋብቻ ያልነበራት፣ ነገር ግን የሰመረ የኑሮ አጋርነት የነበራት ሰው ናት።

«ሚድልማርች» በመጀመሪያ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ነበር። ደራሲዋ በ1869 ስለ አንድ ወጣት ሐኪምና ስለ አንድ የአውራጃ ከተማ ኅብረተሰብ መጻፍ ጀምራ ነበር። በ1870 መጨረሻ ላይ «ሚስ ብሩክ» የሚል ሌላ ታሪክ ጀመረች። በ1871 ሁለቱን አዋሐደቻቸውና ሥራው ከታኅሣሥ 1871 እስከ ታኅሣሥ 1872 በስምንት ክፍሎች በብላክዉድ አሳታሚነት ወጣ። ሁለቱ ያልተሳኩ ትዳሮች፣ የዶሮቲያና የሊድጌት፣ በአንድ ልቦለድ ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙት በዚህ ውሕደት ምክንያት ነው። ንጽጽሩ በአጋጣሚ የተገኘ ሳይሆን ደራሲዋ ዐውቃ የመረጠችው መዋቅር ነው ለማለት ያስደፍራል።

የታሪኩ ጊዜ ከ1829 እስከ 1832 ያለው ሲሆን፣ ቦታው በመካከለኛው እንግሊዝ የምትገኝ ምናባዊ ከተማ ናት። አንባቢው ታሪኩን የሚያየው ከ40 ዓመት ርቀት ነው። ይህ ርቀት ለመከራከሪያችን አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም የ1871 አንባቢ ገጸ ባሕርያቱ የሚፈልጉትን መልስ አስቀድሞ ያውቃል።

2. ከጋብቻ በፊት፦ ሰውን እንደ መጽሐፍ ማንበብ

ዶሮቲያ ወላጆቿን በልጅነቷ አጥታ ከአጎቷ ቤት የምትኖር፣ በዓመት 700 ፓውንድ የራሷ ገቢ ያላት ወጣት ናት። ለገባሮቹ የሚሆኑ ጎጆዎች ፕላን ትነድፋለች፤ ሃይማኖተኛ ናት፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕውቀትን ትራባለች። የዘመኗ ትምህርት ለሴት ልጅ የሚሰጠው ጥቂት ቋንቋ፣ ጥቂት ሙዚቃና ጥቂት ሥዕል ብቻ ነበር። ስለዚህ ላቲንና ግሪክ የሚያውቅ፣ ዕድሜውን በመጻሕፍት መካከል ያሳለፈ ሰው ሲገጥማት የምታየው እጩ ባል ሳይሆን የተዘጋባት በር መክፈቻ ነው። ዐይነ ስውሩን ሚልተንን በንባብ የረዱትን ሴቶች ልጆቹን ታስባለች፤ የካሶቦን ፊት የፈላስፋውን የሎክን ሥዕል ይመስላታል። እህቷ ሲሊያ የምታያቸውን የፊቱን ምልክቶችና ሾርባ ሲጠጣ የሚያሰማውን ድምፅ እርሷ አታይም፣ አትሰማም።

የጋብቻ ጥያቄው በደብዳቤ ይመጣል (ምዕራፍ 5)። ደብዳቤው በጥንቃቄ ሲነበብ ላኪው ስለ ተቀባይዋ የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። የሚናገረው ስለ ራሱ ፍላጎት ነው፤ በሕይወቱ ውስጥ አንድ ጉድለት እንዳለና እርሷ ያንን ለመሙላት የተስማማች ሆና እንዳገኛት ይገልጻል። የዶሮቲያ ምላሽ ግን ሂሳዊ ንባብ አይደለም፤ ተንበርክካ ታለቅሳለች። መልሷንም ሦስት ጊዜ ትገለብጣለች። የምትገለብጠው ቃላቱን ለማሻሻል ብላ ሳይሆን፣ እጇ ስለተንቀጠቀጠና ካሶቦን የእጅ ጽሕፈቷን መጥፎ ነው ብሎ እንዳይገምት ስለፈራች ነው። በዚህች ትንሽ ዝርዝር ውስጥ የትዳሩ መጪ ሁኔታ ሁሉ አለ። ሙሽራዋ ገና ከመጀመሪያው ራሷን ያየችው እንደ ጸሐፊ ረዳት ነው፤ የተጨነቀችውም ስለ ይዘቱ ሳይሆን በአሠሪዋ ፊት ስለሚኖራት ብቃት ነው።

ካሶቦንም በበኩሉ አንብቦ ተሳስቷል። በመጻሕፍት ውስጥ ስለ ፍቅር ጥልቀት የተጻፈውን አምኖ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በቁጠባ ያኖረው ስሜት በእጮኝነት ወራት እንደሚፈስለት ጠብቆ ነበር። የጠበቀው ወንዝ ግን ጥልቀት የሌለው ምንጭ ሆኖበት ተገረመ። ጥፋቱ የእርሱ ወይም የእርሷ ነው ብሎ ሳይሆን፣ ገጣሚዎቹ አጋነዋል ብሎ ደመደመ። የሠርጉ ቀን በቀረበ መጠን ደስታው አልጨመረም፤ ይህንንም ለራሱ እንኳ ለመናገር አልደፈረም።

እንግዲህ ሁለቱም አንዱ ሌላውን የጠየቁት «አንተ ማን ነህ? አንቺ ማን ነሽ?» ብለው አይደለም። የእርሷ ጥያቄ «የምሻውን ታላቅ ሕይወት የሚሰጠኝ ይህ ነውን?» የሚል ነው። የእርሱ ደግሞ «የጎደለኝን የምትሞላልኝ ይህች ናትን?» የሚል ነው። ለሁለቱም ጥያቄዎች «አዎ» የሚል መልስ ማግኘት ቀላል ነበር፤ ምክንያቱም መልሱ በጥያቄው ውስጥ አስቀድሞ ተቀምጦ ነበር።

3. ሮም፦ ጥያቄው የተሰማበት ቀን

የጫጉላ ጉዞው ወደ ሮም ነው። ካሶቦን ቀኑን በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ሲያሳልፍ ዶሮቲያ ምንም ያልተዘጋጀችበትን የጥንት ከተማ ፍርስራሽና ሥዕል ብቻዋን ትጋፈጣለች። በምዕራፍ 20 ስታለቅስ እናገኛታለን። ለልቅሶዋ ግልጽ ምክንያት መስጠት አልቻለችም፤ ባሏ ክፉ ቃል አልተናገራትም። የተለወጠው ነገር ቢኖር በባሏ አእምሮ ውስጥ ይኖራል ብላ የጠበቀችው ሰፊ አድማስ ጠፍቶ፣ በምትኩ ወደ የትም የማያደርሱ ጠባብ መተላለፊያዎች መገኘታቸው ነው። ሥዕሎችን እንድታይ ሲጋብዛት እንኳ እርሱ ራሱ ስለ ሥዕሎቹ ምን እንደሚያስብ አይነግራትም፤ ሌሎች ሰዎች ሊታዩ ይገባል እንደሚሉ ብቻ ይነግራታል።

ግጭቱ የሚፈነዳው ከፍቅር በመጣ ቃል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ዶሮቲያ ባሏን ለመርዳት ካላት ጉጉት የተነሣ፣ ለብዙ ዓመታት የተጠራቀሙት ማስታወሻዎች ተመርጠው መጽሐፉን መጻፍ የሚጀመርበት ጊዜ አልደረሰም ወይ ስትል ትጠይቀዋለች። ለእርሷ ይህ የታማኝ ረዳት ጥያቄ ነው። ለእርሱ ግን በውስጡ ቀን ከሌት የሚሰማው የጥርጣሬ ድምፅ ከውጭ፣ ያውም ከገዛ ሚስቱ አፍ መስማት ነው። ሊያመልከው ይመጣል ብሎ ያሰበው ሰው ሊገመግመው የመጣ መሰለው።

የካሶቦን ሥራ «የአፈ ታሪኮች ሁሉ ቁልፍ» የሚል ስም የተሰጠው ነው። መነሻ ሐሳቡ በዓለም ያሉ የአፈ ታሪክ ሥርዓቶች ሁሉ በጥንት ጊዜ ከተገለጠ አንድ ትውፊት የተበላሹ ቅሪቶች ናቸው የሚል ነው። የካሶቦን ወጣት ዘመድ ዊል ላዲስሎ በዚያው በሮም ለዶሮቲያ የነገራት ነገር የሥራውን ዕጣ ይወስናል። ጀርመኖች በዚህ መስክ መንገዱን ጠርገው ብዙ ርቀዋል፤ ካሶቦን ግን ጀርመንኛ አያነብም። ብዙ ዓመታት የፈጀ ትጋት፣ ሌሎች አልፈውት የሄዱትን ጫካ እንደ አዲስ መመንጠር ሆኖ ቀረ።

የገጸ ባሕርዩ ስም ራሱ ምጸት ያዘለ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ይስሐቅ ካሶቦን (1559–1614) የሚባል ታላቅ የጥንት ቋንቋዎች ሊቅ ነበር። ይህ ሊቅ በ1614 ባሳተመው ሥራ፣ እጅግ ጥንታዊ የሆነ የግብፅ ጥበብ ናቸው ይባሉ የነበሩት የሄርሜስ ጽሑፎች ከክርስትና መነሣት በኋላ የተጻፉ መሆናቸውን በቋንቋ ማስረጃ አሳይቷል። እውነተኛው ካሶቦን ስለ ጥንታዊ አንድ ምንጭ የነበረውን እምነት ሲያፈርስ፣ የልቦለዱ ካሶቦን ያንኑ ዓይነት እምነት ሊገነባ ዕድሜውን ጨረሰ።

4. የተራኪው አቅጣጫ መለወጥ

እስከዚህ ድረስ አንባቢው ከዶሮቲያ ጎን ቆሟል። ደራሲዋ እዚህ ላይ ብታበቃ ኖሮ «ሚድልማርች» ስለ አንድ ደረቅ ሽማግሌ የተጻፈ ፌዝ በሆነ ነበር። ነገር ግን ምዕራፍ 29 ሲከፈት ተራኪው ስለ ዶሮቲያ ሊናገር የጀመረውን ዐረፍተ ነገር በድንገት ያቋርጥና፣ ስለዚህ ትዳር ስናወራ ለምን ሁልጊዜ ከእርሷ ዐይን ብቻ እንደምናይ ይጠይቃል። ከዚያም ወደ ካሶቦን ውስጥ ይገባል።

እዚያ የምናገኘው ጨካኝ ሰው አይደለም። ደካማ ጤና ያለው፣ ስሜቱ የማይፈነድቅ፣ ሌሎች ሊቃውንት ስለ ሥራው ምን እንደሚሉ በማሰብ የሚሠቃይ፣ ይህንንም ሥቃይ ሰው እንዳያውቅበት ከሁሉ በላይ የሚፈራ ሰው ነው። ያሳተማቸው ትንንሽ ጽሑፎች የተቀበሏቸው ዝምታ ወይም ትችት በልቡ ውስጥ እንደ ቁስል ተቀምጧል። ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ተመራማሪ በካሶቦን ላይ ለመሳቅ ይከብደዋል። ደራሲዋ ራሷም ርኅራኄዋ ከየት እንደመነጨ የጠቆመች ይመስላል። ኤፍ. ደብልዩ. ኤች. ማየርስ እንደጻፈው፣ ካሶቦንን ከማን እንደቀዳችው ስትጠየቅ የጠቆመችው ወደ ገዛ ልቧ ነበር። የዘመኑ አንባቢያንና የኋላ ሐያስያን ግን በኦክስፎርድ የሊንከን ኮሌጅ ኃላፊ በነበረው በማርክ ፓቲሰንና በ27 ዓመት በሚያንሳት ሚስቱ ትዳር ውስጥ ሞዴል ሲፈልጉ ኖረዋል። ፓቲሰን በ1875 የይስሐቅ ካሶቦንን የሕይወት ታሪክ ማሳተሙ ግምቱን አጠናክሮታል። ሆኖም ይህ ፍለጋ ከልቦለዱ ዋና ጥያቄ ያርቀናል። ካሶቦን እገሌ ነው ብለን ከደመደምን እኛ አይደለንም ብለናል፤ ተራኪው ግን ከለከለን ያለው ይህንኑ ነው።

ይህ የአቅጣጫ ለውጥ ለያላቻ ጋብቻ ያለንን ግንዛቤም ይለውጠዋል። ዶሮቲያ በሮም የተማረችው ትልቅ ነገር ባሏ ታላቅ አለመሆኑን አይደለም። የተማረችው ባሏ ልክ እንደ እርሷ የራሱ ማእከል ያለው፣ ብርሃንና ጥላ ከራሱ ቦታ ሲታይ ለየት ብሎ የሚወድቅበት ሌላ ሰው መሆኑን ነው። ይህን ማወቅ ፍቅርን አይተካም፤ ነገር ግን ግፍን ይከለክላል።

በምዕራፍ 42 ይህ ዕውቀት በተግባር ይፈተናል። ካሶቦን የልብ ሕመሙ በማንኛውም ጊዜ ሊገድለው እንደሚችል ከሐኪሙ ሰምቶ በአትክልት ቦታው ብቻውን ሲሄድ ዶሮቲያ ልታጽናናው ትቀርበዋለች፤ ክንዷን በክንዱ ብታቆላልፍም እርሱ ግትር ሆኖ ይቀራል። ወደ ክፍሏ ገብታ በቁጣ ትቃጠላለች። ሌሊት ላይ ግን ቁጣዋን አሸንፋ ከደረጃው ራስ ላይ መብራት ይዞ እስኪመጣ ቆማ ትጠብቀዋለች። እርሱም በመገረምና በለሰለሰ ድምፅ ያናግራታል፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው በመተላለፊያው ይሄዳሉ። በትዳራቸው ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የቅርርብ ጊዜ የለም። ያም ቢሆን ትዳሩን አያድነውም።

5. የሙት እጅ

የልቦለዱ አምስተኛ ክፍል «የሙት እጅ» ይባላል። በምዕራፍ 48 ካሶቦን በሌሊት ዶሮቲያን አንድ ነገር ይጠይቃታል። ከሞተ በኋላ ፈቃዱን እንደምትፈጽም፣ ፈቃዱ ምን እንደሆነ ሳይነግራት፣ ቃል እንድትገባለት ይሻል። እርሷ የገመተችው ጥናቱን እንድትጨርስለት እንደሚፈልግ ነው። ዋጋ እንደሌለው በምታውቀው ሥራ፣ በረድፍ በተደረደሩ ማስታወሻዎች መካከል የሚያልፈው የወጣትነት ዕድሜዋ ይታያታል። ሆኖም በሕይወት ላለው ሰው ያላት ርኅራኄ እምቢ እንዳትል ያስራታል። እስከ ነገ ጊዜ ትጠይቃለች። በማግሥቱ ቃሏን ልትሰጥ ወደ አትክልት ቦታው ስትሄድ ሞቶ ታገኘዋለች።

እዚህ ላይ የሚነሣው የሥነ ምግባር ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። በሕይወት ላለ ሰው የምንሰጠው ታማኝነት ያ ሰው ከሞተ በኋላ የተሳሳተ ሥራውን እስከ መሸከም ይደርሳልን? ዶሮቲያ ቃሏን ልትሰጥ እንደነበር ደራሲዋ አልሸሸገችም፤ ያዳናት ጥበቧ ሳይሆን ሞት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የራሷን ውሳኔ ትወስናለች። ካሶቦን ለእርሷ መመሪያ እንዲሆን ያዘጋጀውን የሥራ ሠንጠረዥ በፖስታ ታሽገዋለች፤ ላዩም ላይ በማታምንበት ነገር ያለ ተስፋ ልትደክም እንደማትችል የሚገልጽ አጭር ቃል ለሟቹ ትጽፋለች (ምዕራፍ 54)። ልብ እንበል፦ ማስታወሻው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም። ያንን ሰው እንዳልናቀችው፣ ያንን ጥናት ግን እንዳልተቀበለችው በአንድ ጊዜ ትናገራለች። ይህን መለየት በትዳሩ ዘመን ያልተቻለ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ ሟቹ የጠየቀው ሌላም ነበር። ካሶቦን በኑዛዜው ላይ ባስጨመረው ተጨማሪ አንቀጽ፣ ዶሮቲያ ላዲስሎን ካገባች የሚተውላትን ንብረት ሁሉ እንድታጣ አድርጓል። ይህ አንቀጽ በሕይወት ሳለ ያላቀረበውን ክስ ከመቃብር በኋላ በአደባባይ ያቀርባል። ቅናቱ እርሷ የማታውቀውን ስሜት ስም ሰጥቶ አሳወቃት ማለትም ይቻላል።

ከሕግ አንጻር ይህ የሆነበትን ሁኔታ ማስታወስ ይጠቅማል። ታሪኩ በሚፈጸምበት ጊዜ የእንግሊዝ የልማድ ሕግ የሚስትን ሕጋዊ ሰውነት በባሏ ሰውነት ይሸፍነው ነበር። ዳግም ለማግባት የሚያስችል ፍቺ በተግባር የሚገኘው በምክር ቤት በሚወጣ ልዩ ሕግ ሲሆን፣ ይህም ለባለጸጎች ብቻ የሚቻል ነበር። ፍቺን ወደ ፍርድ ቤት ያመጣው የ1857ቱ ሕግ እንኳ ወንዱ በሚስቱ ዝሙት ብቻ እንዲፈታ ሲፈቅድ፣ ሴቷ ከዝሙት በተጨማሪ እንደ ጭካኔ ወይም ጥሎ መሄድ ያለ ሌላ ጥፋት እንድታስረዳ ይጠይቅ ነበር። ያገቡ ሴቶች ሠርተው የሚያገኙትን ገንዘብ የራሳቸው ያደረገው ሕግ የወጣው በ1870፣ ማለትም ልቦለዱ በሚጻፍበት ጊዜ ነው፤ ሰፊው የንብረት መብት ደግሞ እስከ 1882 መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ በ1829 የተሳሳተ ጥያቄ ጠይቆ ያገባ ሰው ጥያቄውን ዳግም የመጠየቅ ዕድል አልነበረውም። ሕጉ ስሕተቱን አልፈጠረውም፤ ቋሚ ግን አድርጎታል።

6. የሊድጌትና የሮዛመንድ ንጽጽር

የዕድሜ ልዩነት ዋናው ምክንያት አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ሁለተኛው ትዳር ነው። ሐኪሙ ተርሺየስ ሊድጌትና የፋብሪካ ባለቤት ልጅ የሆነችው ሮዛመንድ ቪንሲ ሁለቱም ወጣቶች፣ ሁለቱም መልከ መልካሞች ናቸው። ጎረቤቶቻቸው አቻ ጋብቻ ነው ቢሉ አያስደንቅም። መጨረሻው ግን ከካሶቦን ቤት የባሰ መራራ ነው።

ሊድጌት በለንደን፣ በኤድንበርግና በፓሪስ የተማረ፣ የፈረንሳዊውን የቢሻን የሕብረ ሕዋስ ጥናት ተከትሎ የሰውነት ሕብረ ሕዋሳት ሁሉ የተገኙበትን አንድ መነሻ ሕብረ ሕዋስ ለማግኘት የሚጥር ተመራማሪ ነው። ተራኪው በምዕራፍ 15 ሊድጌት ጥያቄውን ያቀረበበት መንገድ የሚጠብቀው መልስ በሚሻው መንገድ እንዳልነበረ ይጠቁማል። የ1871 አንባቢ ለዚህ ምክንያቱን ያውቃል፤ ሽላይደንና ሽቫን በ1838 እና በ1839 የሕዋስን ንድፈ ሐሳብ አቅርበዋልና። መነሻው ሕብረ ሕዋስ ሳይሆን ሕዋስ ነበር። ካሶቦን የአፈ ታሪኮችን ሁሉ አንድ ቁልፍ፣ ሊድጌት የሕብረ ሕዋሳትን ሁሉ አንድ መነሻ ፈለጉ። ሊድጌት ከካሶቦን ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ፣ ዘዴውም የተሻለ ነበር፤ ነገር ግን ለማይክሮስኮፑ ያሳየውን ጥንቃቄ ለሚስት ምርጫው አላሳየም። ስለ ሴቶች ያለው ሐሳብ ከመላ ትምህርቱ ያልተመረመረው ብቸኛ ክፍል ነበር። ሚስት ማለት ከሥራ መልስ እንደ ሙዚቃ የምታሳርፍ ጌጥ መሰለችው። በምዕራፍ 31 ሮዛመንድ ከእጇ የጣለችውን ሰንሰለት ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል በዐይኗ እንባ አየ፤ ከዚያ ቤት ሲወጣ እጮኛ ሆኖ ወጣ።

ሮዛመንድም በበኩሏ ያየችው ሰውየውን ሳይሆን ባላባት ዘመዶቹንና ከከተማዋ የመውጣት ተስፋን ነው። ዕዳ ሲመጣ ሁለቱ የሚነጋገሩበት ቋንቋ አልተገኘም። ሊድጌት ቤቱን ሊያከራይ ሲያዝዝ እርሷ በስውር ትሽራለች፤ ሳታማክረውም ለአጎቱ ገንዘብ ለምና ትጽፋለች። በእርግዝናዋ ጊዜ ፈረስ እንዳትጋልብ ሲከለክላት ትጋልባለች፤ ፅንሱም ይጨነግፋል። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ በየክርክሩ የምታሸንፈው ግን እርሷ ናት። ሊድጌት በ50 ዓመቱ ሲሞት የሳይንስ ግኝት ሳይሆን ስለ ሪህ የተጻፈ አንድ ጥናትና የባለጸጎች ሐኪምነት ዝና ትቶ ይሞታል፤ ራሱንም እንደ ተሸነፈ ሰው ይቆጥራል።

ሁለቱን ትዳሮች ስናነጻጽር አንድ ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በካሶቦን ቤት ቢያንስ አንዷ ወገን ጥያቄዋን ለወጠች። በሊድጌት ቤት ግን ሮዛመንድ ጥያቄዋን ፈጽሞ አልለወጠችም፤ ሊድጌት ደግሞ ለወጠው ሳይሆን ተወው። ሮዛመንድ ለአንድ ቅጽበት ብቻ ከራሷ ዓለም ስትወጣ የምናየው በምዕራፍ 81 ነው፤ ያኔም ያወጣቻት ዶሮቲያ ናት። ዶሮቲያ የራሷን ሐዘን ወደ ጎን ትታ የሌላዋን ሴት ትዳር ልትረዳ በመጣች ጊዜ፣ ሮዛመንድ ስለ ላዲስሎ እውነቱን ትነግራታለች። በሮም በልቅሶ የተገኘው ዕውቀት ፍሬ ያፈራው በገዛ ትዳሯ ሳይሆን በሌላ ሰው ቤት ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ በ«ሚድልማርች» ውስጥ ያላቻ ጋብቻ የሚመነጨው ሰውን አስቀድሞ ለተዘጋጀ ፍላጎት መልስ አድርጎ ከማንበብ ነው። የዕድሜ ልዩነቱ ይህን ስሕተት ያጎላዋል፤ ሕጉ ደግሞ እንዳይታረም ይቆልፈዋል። ደራሲዋ ትዳርንና ምርምርን ጎን ለጎን ማስቀመጧ የምሳሌ ጨዋታ አይደለም። በሁለቱም መስክ ትጋትና ቅንነት ብቻቸውን እንደማይበቁ ታሳያለች፤ ካሶቦን ትጉ ነበር፣ ዶሮቲያም ቅን ነበረች።

ቨርጂኒያ ዉልፍ በ1919 ይህን ልቦለድ ለበሰሉ ሰዎች ከተጻፉት ጥቂት የእንግሊዝኛ ልቦለዶች አንዱ አድርጋ ቆጥራዋለች። ብስለቱ ያለው መፍትሔ ባለመስጠቱ ላይ ይመስላል። ዶሮቲያ የካሶቦንን ሀብት ትታ ላዲስሎን ታገባለች፤ ይህን ሁለተኛ ጋብቻ የማይበቃት አድርገው የሚያዩ አንባቢያን ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አልጠፉም። ተራኪውም የእርሷን ያህል ኃይል ያላት ሴት በሌላ ሰው ሕይወት ውስጥ ተውጣ መቅረቷ የሚያስቆጭ እንደሆነ የሚያስቡ ሰዎች እንደነበሩ ይነግረናል፤ ይሁንና ሌላ ምን ልታደርግ ይገባት እንደነበር በትክክል ሊናገር የቻለ አልነበረም። ይህ ጥያቄ ለልቦለዱ ተመራማሪዎች አሁንም ክፍት ነው። በተለይም የዶሮቲያ ሁለተኛ ትዳር የመጀመሪያውን ስሕተት ያረመ ነው ወይስ በለዘበ መልኩ የደገመ የሚለው ነጥብ፣ ልቦለዱን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማንበብን ይጠይቃል።